አርባ ዘጠኝ

ያን ክረምት ዝናቡ ሁለት ወር ሙሉ አላባራም። መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ባጃጅ ቆመ፣ ሦስት አህዮች ገደል ገቡ። የጡረተኛው የፊዚክስ መምህር የዘውዱ እግር ሲሰበር፣ ከዳገቱ አናት ወደ ጤና ጣቢያው የሚያወርዳቸው አንድ ጋሪ ገፊ ብቻ ተገኘ።

ቁልቁለቱ ላይ ጋሪው ሊያመልጥ ዳዳው። ሰውየው ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ቀብሮ ከጋሪው ኋላ የታሰረውን ገመድ ወደ ኋላ ሳበ።

"እንዳትለቀኝ ልጄ" አሉ መምህሩ።

"መምህር፣ ጋሪው ወደ ታች ይሄዳል፣ እኔ ወደ ላይ እየሳብኩ ነው። በፊዚክስ ሥራዬ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ?"

"ኔጌቲቭ ነዋ። ኃይልህ የጉዞው ተቃራኒ ነው።"

"እንግዲያው ልተወዋ" አለና ገመዱን አንድ ክንድ ያህል ለቀቀው።

ጋሪው ዘለለ።

"ፖዘቲቭ! ፖዘቲቭ ነው፣ አንተ ሰይጣን!"

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። መምህሩም እግራቸውን ይዘው እያቃሰቱ ሳቁ። ጭቃ እየተረጨባቸው፣ እንባቸው እየወረደ፣ እንደ ሰከረ ሰው እየተንከተከቱ ታች ደረሱ።

ደግፎ ሲያወርዳቸው ከጋሪው ኋላ በቀይ ቀለም የተጻፈ 49 አዩ።

"ይሄ ታርጋህ ነው?"

"የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ውጤቴ ነው። ይቺኑ ጥያቄ ፖዘቲቭ ብዬ ብመልስ፣ እርስዎ በአንድ ማርክ ጣሉኝ። ጋሪ መግፋት የጀመርኩት ያኔ ነው።"

መምህሩ ጣውላውን እንደ ሰሌዳ በእጅጌያቸው ጠረጉ። ከኮታቸው ኪስ የማትጠፋውን ጠመኔ አወጡ፣ ቁጥሩን ሰረዙና ከጎኑ 50 ጻፉ። የታረመ ማርክ ፊርማ ይፈልጋልና፣ ከሥሩ ፈረሙበት።