የዐሥራ ዘጠኝ ክረምት ቁልቋል

ገዱ ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ አያውቅም። ጠላ ቤት ሲገባ ግድግዳ ይደገፋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለምም በጎን ቆሞ ነው። የዳባት ሰው የጀግና ልማድ ነው ይላል። ምን ጀግንነት፣ ፍርሃት ነበር እንጂ።

ግቢው ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ በአምስት ቁልቋሎች የታጠረ ነው። አራቱ ከቀድሞው ባለቤት ጀምሮ የቆዩ ናቸው፤ ግንዳቸውን ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። አምስተኛውን፣ በሩ አጠገብ ያለውን፣ ገዱ ራሱ እዚህ አገር በገባ ሰሞን ተክሎታል። ወደ ተራራው የሚወጡ ፈረንጆች ሳይቀሩ መኪና አስቁመው ያደንቃሉ። እሱ ግን ለውበታቸው ግድ የለውም። ከኋላቸው ሲቀመጥ ሰው አያየውም፤ ያ ይበቃዋል።

አንድ ጠዋት ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰረ ጎልማሳ በሩ ላይ ቆመ። እንዳለው እባላለሁ አለ። ከዩኒቨርሲቲ እንደመጣ፣ ያረጁ ቁልቋሎችን እየዞረ እንደሚመዘግብ ነገረውና ገብቼ ልያቸው ብሎ ለመነ። የገዱ ዐይን ከጨርቁ አልተነሳም። ጥቁሩ ለማን ነው ብሎ ጠየቀው።

"ለአባቴ ነው" አለ እንዳለው።

ገዱ ትንሽ ቆየኝ ብሎት ወደ ቤት ገባ።

ሚስቱ ዘቢደር ምስር እየለቀመች ነበር። ጎንደር ከተማ አግኝቶ ካገባት ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ያኔም እንደዛሬው ጥቁር ነጠላ ለብሳ ነበር። አውልቂው እያለ ቢጨቀጭቃት አልሰማ ስትለው የሴት ነገር ብሎ ትቶታል።

ገዱ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ለንስሐ አባቱ እንኳ ያልተናገረውን ያን ቀን ለሚስቱ ነገራት። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አምባ ጊዮርጊስ ገበያ መሃል አንድ ሰው በጥፊ መታው። ሰው ሁሉ ሳቀበት። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ገዱ መንገድ ላይ ጠበቀው፤ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሲታጠብ በመጥረቢያ ማጅራቱን አለው። ያየው ያለ አይመስለውም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ በሰላም ተኝቶ አላደረም።

"የሟች ወገን ደሙ እስኪመለስ ጥቁር አያወልቅም። ይሄ ደጅ የቆመው ልጁ ነው።"

"የሰውየው ስም ማን ነበር?" አለች ዘቢደር።

"ልደቱ።"

ከሰፌዱ ላይ አንዲት ጠጠር አንስታ ጣለች። እጇ እንደገና ወደ ምስሩ እስኪመለስ ቆየ።

"ይሄ የልደቱ ልጅ አይደለም" አለች በተገረበበው በር ወደ ደጅ አይታ።

"በምን አወቅሽ?"

"ፊቱ የዋህ ነው።"

ገዱ ተናደደ። ሰው ሊገድለው ደጁ ቆሞ እሷ የፊት የዋህነት ታያለች! ጠመንጃውን ከተሰቀለበት ሊያወርድ ሲል ዘቢደር እጁን ያዘችው። ተኩስ ከተሰማ ፖሊስ ከች ይላል አለችው። እውነቷን ነው ብሎ መጥረቢያውን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ ወጣ።

እንዳለው ግባ ተብሎ ግቢው ውስጥ ሲገባ ደስታ የሚያደርገውን አሳጣው። ግንዱን በሜትር ይለካል፣ ወደ ላይ ያንጋጥጣል፣ ይጽፋል። ሰው ሁሉ ካክተስ ይለዋል፣ አይደለም አለ። የካክተስ ወገን ያ ጥግ ላይ ያለው በለስ ነው፤ በለስ ሲቆረጥ ውኃ እንጂ ወተት አይወጣውም። ቁልቋል ግን ወተት አለው፣ ወተቱም ዐይን ያጠፋል። ገዱ ይህን ለእኔ ትነግረኛለህ ብሎ አጉረመረመ፤ ጋቢው ውስጥ እጀታውን ጨብጧል።

እንዳለው በሩ አጠገብ ያለው ቁልቋል ጋ ሲደርስ የቅርንጫፉን ቋጠሮ በጣቱ ከታች ወደ ላይ መቁጠር ጀመረ። በየክረምቱ አንድ ቋጠሮ ይጨምራል አለ። ከዚያ ዘወር ብሎ ፈገግ አለ።

"ዐሥራ ዘጠኝ ክረምት አለው። በዚያ ዓመት ምን ሆነው ተከሉት አባቴ?"

ገዱ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። መጥረቢያውን አወጣና ሰነዘረ።

"አንተ ሰው፣ ዞር በል!" ብላ ዘቢደር ከደጃፉ ጮኸች።

እንዳለው ዘወር ከማለቱ ስለቱ ጆሮውን ቆርጦ ትከሻው ላይ አረፈ። ደሙ ደብተሩን አለበሰው። ወድቆ ምን በደልኩዎት እያለ እጁን ሲዘረጋ ሁለተኛው ምት ሁለት ጣቱን ወሰደ። ገዱ በሦስተኛው ሊጨርሰው ሰነዘረ፤ እንዳለው ተንከባለለና መጥረቢያው ቁልቋሉ ውስጥ እስከ እጀታው ተቀረቀረ። ነጩ ወተት ፊጭ ብሎ የገዱን ሁለት ዐይን ሞላው።

ገዱ እየጮኸ ተንበረከከ። ፍም የጨመሩበት መሰለው። የሚሮጥ እግር ሰማ፣ በሩ ሲበረገድ ሰማ።

"ሄደ?" አለ።

"ሄደ።"

"በሩን ዝጊው፤ ወንድሞች ይኖሩታል።"

መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማው። ዐይኔን፣ ውኃ፣ ውኃ እያለ መሬቱን ዳበሰ። ዘቢደር ጆጉን አጠገቡ አስቀመጠች። ገዱ በዚያ ሁሉ ሥቃይ መሃል አንድ ነገር ደስ አለው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈራው ሰው መጥቶ፣ ሳይገድለው ሄደ። ያለ ፍርሃት ጀርባውን ለሚስቱ ሰጠ።

"ጎንበስ በል" አለችው። "ፊትህን ልጠብህ።"

ገዱ ጎንበስ አለ።

ዘቢደር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላወለቀችውን ጥቁር ነጠላ አውልቃ ቁልቋሉ ላይ ሰቀለች፤ መጥረቢያውንም ከግንዱ ነቀለችው።