ቀለም የጠጡ ልጆች

«ፊደል የቆጠረውን ልጅ ጣሊያን ይወስዳል አሉ» ይላሉ ጎረቤቴ እትዬ ፋናዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለስንተኛ ጊዜ።

«ወዴት ነው የሚወስደው?»

«አንዱ ሊሰቅለው ነው አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ደሞዝ ሊቆርጥለት።»

«እና የቱ ነው እውነቱ?»

«እኔ ምን አውቄ! ይወስዳል ነው ያሉኝ።»

«ወሬም እንደ ዱቄት በወንፊት ይነፋል፣ እትዬ» ብዬ ወደማስተምራቸው ልጆች እዞራለሁ።

በማሽላው ማማ ጥላ ስር ተቀምጠው በየሉሃቸው፣ በእንጨት ሰሌዳቸው ላይ፣ ይጽፋሉ። እኔን ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ ወንድሜ ሲማር ከቄሱ አጥር ውጭ ቆሜ ነው የሰረቅሁት። እነዚህ ግን ፊት ለፊት ይማራሉ። ይደምራሉ፤ ትልቅ ሰው ሲጠይቃቸው አንገታቸውን ሳይደፉ ይመልሳሉ። ነገ ምን መሆን እንደሚፈልጉም እጠይቃቸዋለሁ።

«ሾፌር» ይላል ሽፈራው።

«ቃዲ» ትላለች ራቢዓ፣ የሸሪዓ ዳኛ ማለቷ ነው። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። «ሴት ቃዲ የት አየሽ?»

«እስካሁን የተማረች ስለሌለች ነዋ!»

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሁሉም ቀድማ ማንበብ የቻለች እሷ ናት።

ከመንገዱ የካሚዮን ድምፅ ይሰማል፤ አቧራው ወደ እኛ ይታጠፋል። ሊሰቅሉ ይሆን? ሊቀጥሩ?

«እጠቡ!» እላለሁ።

ሉሃቸውን በቅል ውሃ ያጥባሉ። እጣቢውን ይደፉታል ብዬ ስጠብቅ ይጠጡታል። የቁርአን ቤት ልጆች ልማዳቸው ነው፤ የተጻፈ ነገር እግር አይረግጠውም። የክርስቲያኖቹም ልጆች እነሱን አይተው ይጨልጣሉ። ራቢዓ ብቻ እምቢ ትላለች። «የጻፍኩትን አላጠፋም» ብላ ሉሁን አገዳ ክምር ውስጥ ትሸሽጋለች።

ጣሊያኑ ካፒቴን ከካሚዮኑ አይወርድም። አስተርጓሚው ይወርዳል።

«ከእነዚህ ፊደል የሚያውቀው ማነው?»

«ማንም። ወፍ ጠባቂዎች ናቸው።»

ልጆቹን አንድ በአንድ ያያቸዋል። ከንፈራቸው ከሰል መስሏል።

«ያገራችሁ ወፍ ቀለም ያጠጣል እንዴ?» ይላል ፈገግ ብሎ። «እኔም ቁርአን ቤት ነው ያደግሁት፣ እህቴ።»

ልጆቹ ፊት እቆማለሁ። እሱ ግን ጥቁር ከንፈሮቹን ሁሉ አልፎ ራቢዓ ዘንድ ይቆማል። አገጯን ቀና አድርጎ ያያታል፤ አፏ ንጹሕ ነው።

«ይቺ» ይላል።

ግራ ይገባኛል። የሚያነቡትን ትቶ? ወይስ ሉሁን አይቶባታል?

«እሷ ምንም አታውቅም!» እጮሃለሁ። «አንዲት ፊደል አትለይም!»

«ጥሩ ነው» ብሎ አንስቶ ካሚዮኑ ላይ ያስቀምጣታል።

ራቢዓ አታለቅስም። ዞር ብላ ታየኛለች፤ አንድ ነገር እንድላት የምትጠብቅ ትመስላለች። እትዬ ፋናዬ «አላልኩም? አላልኩም?» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። እኔ ስሮጥ፣ ስቆም፣ ደግሞ ስሮጥ ካሚዮኑ ወደ ሸዋ ሮቢት ይርቃል።

ለጣሊያኖቹ ካምፕ ውሃ የሚቀዳው ሷሊሕ እያለከለከ ሲደርስ አቧራው ከወንዙ ማዶ ነው።

«ልጆቹ ማንበብ መቻላቸውን እንዳትደብቁ ልላችሁ ነው የሮጥኩት» ይላል። «ካፒቴኑ የምስጢር ወረቀት የሚያመላልስለት ልጅ ነው የሚፈልገው፤ ማንበብ የማይችል።»