ጨው የጨመረው ሰው

ኔትራቫቲ የተባለችው የጦር መርከብ አርጅታ ጡረታ ስትወጣ የሕንድ ባሕር ኃይል ሁለት ነገር አሰበላት። ወይ በወደብ ከተማዋ በቪሻካፓትናም ዳርቻ ላይ ተተክላ ሙዚየም ትሆናለች፣ ወይ ጥልቁ ባሕር ድረስ ተጎትታ የሚሳይል ዒላማ ሆና ትሰምጣለች። ምርጫው ለቀድሞ መርከበኞቿ ተተወ።

ሽማግሌዎቹ ከሚያዘወትሩት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። መድፈኛ የነበረው ጋንጉሊ ገና ሳይቀመጥ እንባው መጣ።

«እናቱን ባሕር ውስጥ የሚጥል ወንድ አለ? ካለ ይነሳና ልየው!»

ማንም አልተነሳም። ሁሉም «ሙዚየም! ሙዚየም!» አሉ። የሞተር ክፍል ሰው የነበረው ሲምሃድሪ ከሁሉም አብልጦ ጮኸ።

ያም ሆኖ የድሮ አዛዣቸው ካፒቴን ራጋቫን በመርከቧ ደንብ ካልሆነ አሉ። ኔትራቫቲ ላይ ክርክር ሲነሳ የሚዳኘው ድስት ነበር። እሺ ያለ ሽምብራ፣ እንቢ ያለ የጨው አንኳር በጭብጡ ይዞ እጁን ድስቱ ውስጥ ይከታል። አንድ ሰው እንኳ እንቢ ካለ ነገሩ ይቀራል። ድስቱን የሚያየው ሰው ውጤቱን ብቻ ይናገራል፤ ስንት ለዚህ፣ ስንት ለዚያ ማለት ነውር ነው። መጠየቅም ነውር ነው።

ሁሉም በየተራ እጃቸውን ከተቱ። ካፒቴኑ ድስቱን ከፍተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ክዳኑን መልሰው ገጠሙና፣

«ሙዚየሙ ቀርቷል» አሉ። ድስቱንም ራሳቸው ይዘው ወርደው ባሕር ውስጥ ደፉት። በማግስቱ ወደ ቼናይ፣ ወደ ልጃቸው ቤት ተመለሱ።

ሲምሃድሪ ፊቱን በሻይ ብርጭቆው ከለለ። ጨው የጨመረው እሱ ነበራ!

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሻይ ቤቱ ችሎት ሆነ። ያ ከሃዲ ማነው? ጋንጉሊ ጠረጴዛ እየደበደበ ይምላል፤ ሌሎቹም ከሱ ላለማነስ ይራገማሉ። በመጨረሻ ጣታቸው ኩርየን ላይ አረፈ። ኩርየን ከሌላ ክፍለ ሀገር፣ ከኬረላ የመጣ ሰው ነው፤ በመርከቧ ላይ ባንዲራና መብራት እያሳየ መልእክት ያስተላልፍ ነበር። ድሮም ቃል ከአፉ አይወጣም።

«ኩርየን፣ አንተ ነህ አይደል?» አለው ጋንጉሊ።

ኩርየን አንገቱን ደፋ። አዎም አላለ፣ አይደለሁምም አላለ።

«አያችሁት? ዝም አለ! ሲምሃድሪ፣ አንተ ምን ትላለህ? ጓደኛህ አይደል?»

ሲምሃድሪ እግዜር ይየውና፣ «እሱማ ድሮም ልቡ ቀዝቃዛ ነው» አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይሄ ነው። እነዚህ ሁለቱ እኮ ጎን ለጎን ተኝተው፣ በአንድ ሳህን በልተው ያረጁ ሰዎች ናቸው። ኩርየን ቀና ብሎ አየው፤ ተነሳና ሄደ። ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት አልመጣም፤ በመንገድ ሲያልፍም ሰላም የሚለው ጠፋ።

ሲምሃድሪ እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ኑካምማ የሩዝ ቂጣውን ሳህን አንስታ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ኢድሊው እንዳለ ነው። ምን ነክቶህ ነው?»

ነገራት። ሁሉንም ዘረገፈላት። ዳርቻው ላይ ሙዚየም የሆነውን አሮጌ ሰርጓጅ መርከብ አይቶ ነበር። ጎረምሶች በመርከበኞቹ አልጋ ላይ እየተጋደሙ ፎቶ ሲነሱ፣ በቁልፍ የፍቅረኛቸውን ስም ግድግዳው ላይ ሲጭሩ አይቷል። ኔትራቫቲ እንዲህ ከምትሆንስ ብሎ ነው ጨዉን የጨመረው።

«እና ምን አጠፋህ?» አለች ኑካምማ። «የአምላካችንን የጋኔሻን የሸክላ ምስል አምልከነው፣ በዓሉ ሲያልቅ በዘፈን ወደ ባሕር አይደል እንዴ የምንሸኘው? መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣ እንላለን? ጥፋትህ መርከቧ አይደለችም። ጥፋትህ ኩርየን ነው። ሄደህ ንገራቸው!»

«ይተፉብኛል።»

«ይትፉብሃ! እሱ ላይ እየተፉ አይደል?»

ሳይነግራቸው መርከቧ የምትሰምጥበት ቀን ደረሰ። ባሕር ኃይሉ ሽማግሌዎቹን በአንዲት ጀልባ አሳፍሮ ከሩቅ እንዲያዩ ወሰዳቸው። ካፒቴን ራጋቫንም ከቼናይ መጡ። ኩርየን ከኋላ፣ ለብቻው ቆመ።

ሚሳይሉ መጣና ኔትራቫቲን ወገቧ ላይ መታት። ጭሱ ሰማይ ነካ። እሷ ግን እንቢ አለች፤ ጎኗ ተቀዶ፣ እየነደደች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ሽማግሌዎቹ እንደ ልቅሶ ቤት ተንሰቀሰቁ። በስንት መከራ አንገቷ ወደ ላይ ተነሳ፤ ከዚያ ባሕሩ ገጠመባት።

ጋንጉሊ ዞረ። «ተመልከት ኩርየን! የእጅህን ሥራ ተመልከት! እናት ገዳይ!»

ኩርየን የጀልባውን ብረት ጨብጦ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ሲምሃድሪ ከዚህ በላይ አልቻለም።

«ተዉት!» ብሎ ጮኸ። «እሱን ተዉት! ጨዉን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት። በወንድሜ ላይ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

ይተፉብኛል ብሎ ጠበቀ። ማንም አልተፋበትም። ጋንጉሊ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሌሎቹ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ኩርየን ግራ በተጋባ ፊት ትኩር ብሎ አየው።

«አንተ?» አለው። «እንዴት አንተ ትሆናለህ?»

«እኔ ነኝ ስልህ! ካፒቴን፣ ባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ። ያቺ አንዷ ጨው የኔ ነበረች።»

ካፒቴን ራጋቫን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«የቷ አንዷ?» አሉ። «ድስቱ ውስጥ እኮ ሽምብራ የሚባል አልነበረም።»