ድምጿ ብቻ

«ዛሬ ማታ ሙዚቃው ተነሥቶ ድምጿ ብቻ ይሰማል ብላችሁ አስተዋውቃችኋል። እውነት ነው?» ይሉኛል ሴትዮዋ፣ ገና ከስቱዲዮው በር ሳያልፉ።

እውነት ነው እላቸዋለሁ። የዝነኛውን የቴሌቪዥን ድራማ መግቢያ ዘፈን የዘፈነችው ሴት ትናንት ተቀብራለች። እኛ ሁላችን ራታችንን እየበላን ያደግነው በእሷ ድምፅ ስለሆነ፣ አለቃዬ የማስታወሻ ፕሮግራሙን አቀናብር ብሎ በላዬ ላይ ጥሎታል። ሴትዮዋ ጓደኛዋ ነበርኩ ይላሉ። እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ጓደኛ ሰልችቶኛል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው፤ ታማ ስትተኛ ደጇን ያልረገጠ ሁሉ ዛሬ ካሜራ ፊት ካላለቀስኩ ይላል።

ወንበር እሰጣቸዋለሁ፣ ግን ከማሽኖቹ ራቅ አድርጌ። ሰው አይታወቅም።

ሙዚቃው ባይነሣ ምን ይመስልሃል ይሉኛል። ለምን ስላቸው፣ እንዲያው አያምርም ብለው የሻርፓቸውን ጫፍ መጠቅለል ይጀምራሉ። ይህቺ «እንዲያው» አልጣመችኝም። ነገር አለ። በዘፈኑ ላይ እርስዎም ነበሩበት እንዴ ብዬ ስጠይቅ፣ አጃቢ ነበርኩ ይላሉ ቀስ ብለው። ይኸው መጣ እላለሁ በሆዴ። ቀጥሎ ስሜ ይጠራልኝ ነው፣ ወይም ግጥሙ የእኔ ነው።

እንግዲህ ይለይልን ብዬ ማጫወቻውን እነካለሁ። ሙዚቃውን ከድምፁ የሚለየው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጠዋት ሥራውን ጨርሷል፤ እኔ ግን መጀመሪያዋን ብቻ ቀምሼ ትቼው ነበር።

ድምጿ ብቻውን ይወጣል። ያው የምናውቀው፣ ሞቅ ያለው። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ዜማው ሽቅብ ሲወጣ፣ ይሰልልና ቁርጥ ይላል። ሌላ ድምፅ ተቀብሎ ይጨርሰዋል።

ኮምፒውተሩ አበላሽቶት ይሆናል ብዬ ወደኋላ እመልሳለሁ። ያው ነው። አሁንም እመልሳለሁ፤ በዚህኛው ግን የማየው ሴትዮዋን ነው። ሁለተኛው ድምፅ ከመግባቱ በፊት አየር ሲስብ፣ እሳቸውም ወንበራቸው ላይ እኩል ይስባሉ።

«ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ነበር» ይላሉ። «ማይክራፎኑ አንድ ነው። ሲያቅታት ከኋላዋ ሆኜ ጨረስኩት። መለከቱ እዚያ ላይ ስለሚገባ ማንም አላወቀ።»

«ታዲያ ዛሬ ይታወቅልኝ ብለው ነው የመጡት?»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም ብዬ ዛሬ? እሷማ እናገራለሁ እያለች ስንቴ አለቀሰች። የከለከልኳት እኔ ነኝ።» ሻርፓቸውን ይለቁታል። «ማታ ልጆቿ ተሰብስበው ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። ገና ትናንት ነው የቀበሯት። አንተ ደግሞ እናታቸውን አትቀማቸው።»

የምገባበት አጣለሁ። ቅድም በሆዴ ስላልኩት ሁሉ ይቅርታ ልል እፈልጋለሁ፤ የሚወጣኝ ግን አለቃዬን ቴፑ ተበላሽቷል እለዋለሁ የሚል ነው።

ሙዚቃውን ከነመለከቱ ወደ ቦታው እመልሳለሁ። የመለከቱን ድምፅ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ጥቂት እጨምራለሁ፣ ይበቃል ብዬም ዞር እላለሁ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ሰጥተዋል።

«ጨምርበት ልጄ» ይላሉ። «አሁንም ድምፄ ይሰማል።»