ሃያ ተጣጣፊ ወንበሮች

ብሩክታይት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኦነር ሶሳይቲ ገባች።

ኦነር ሶሳይቲ ጥሩ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች የሚመረጡበት ማኅበር ነው። በሲልቨር ስፕሪንጉ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተራ በተራ ስማቸው ተጠራ፣ ሻማ ለኮሱ፣ ቃል ገቡ። እናቷ ተናኘወርቅ ከንግግሩ የገባት ጥቂት ነው። ቢሆንም ሲጨበጨብ ከሁሉም መጨረሻ ያቆመችው እሷ ነበረች።

በማግስቱ ያልሰማ አልነበረም። አሌክሳንድሪያ ባለው ሆቴል ልብስ አጠባ ክፍል አብራት ለምትሠራው ለፅጌ ነገረቻት። ለጎረቤቷ፣ ለእድሩ ሰብሳቢ ለአቶ ሀብተማርያም በሚኖሩበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ነገረቻቸው፤ ከምድር እስከ አምስተኛ ፎቅ በቂ ጊዜ ነበር። ደሴ ላለው ታላቅ ወንድሟ ለወልደአምላክ ግን ወሬው ብቻ አይበቃም፣ ፎቶ እንዲላክለት ፈለገች። ልጅቷን ያሳደገችው ብቻዋን ቢሆንም፣ ያለ ወንድሟ ቃል የቆረጠችው አንድም ነገር የለም።

«ላክሽለት?»

«የስ፣ ማም። ሴንድ አድርጌዋለሁ።»

ማኅበሩ አባላቱን በነፃ ያሠራል። የብሩክታይት የመጀመሪያ ሥራ፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዱ ኖረው ለሞቱት ለሚስተር ኮልማን ቅዳሜ በተደረገው ሜሞሪያል ላይ ማገዝ ነበር። ጥቁር ቀሚስ ተገዛላት። ወንበር ደረደረች፣ ውኃ አደለች፣ ለባለቤታቸው ሶፍት አቀበለች።

«ሴትዮዋ ስታለቅስ ምን አልሻት?» ብላ እናቷ ጠየቀቻት።

«ናቲንግ። ቲቸራችን ምንም አትበሉ፣ ጀስት አጠገቧ ቁሙ አለችን።»

«ለመቆምም ሰርተፊኬት ይሰጣሉ?»

ነገሩ መበላሸት የጀመረው ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ብሩክታይት የእናቷን ስልክ ወሰደች። ስክሪኑን ላሠራልሽ አለች። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ቆይ እንጂ፣ ወልደአምላክ ፎቶውን አየው?»

«ኖ፣ ማም። አላየውም።»

«አራት ቀን ሙሉ? ኔትወርክ ይሆናል» አለች ተናኘወርቅ። ልጅቷ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ረቡዕ ደግሞ ፅጌ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ተነጋግራ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ኦፍ አስወጣችላት።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ደክሞሻል፣ እህቴ። እረፊ።»

ፅጌ ባስ ላይ አፏ የማይገጠም ሴት ናት። ያን ቀን ግን እስከሚወርዱ ድረስ በመስኮት ስታይ ሄደች። ተናኘወርቅ ሁሉም የሚያውቀው፣ እሷ ብቻ የማታውቀው አንድ ነገር እንዳለ ገባት።

ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ልጇን ፓርኪንግ ውስጥ አገኘቻት። የአቶ ሀብተማርያም ልጅ ኖላዊ ከአባቱ ቫን ተጣጣፊ ወንበር ያወርዳል። ሃያ ቆጠረች። የብሩክታይት ዓይን ቀልቷል። የልጁ አንድ እጅ ወንበር ይዟል፣ ሌላው የልጅቷ ትከሻ ላይ ነው።

«ይሄ ሁሉ ወንበር ለምንድነው?»

«ለሜሞሪያል» አለች ብሩክታይት።

ኖላዊ እጁን ከትከሻዋ አነሳ። «ጤና ይስጥልኝ» አለና መሬት መሬቱን አየ። ኮሌጅ የገባ፣ ቀልድ የሚወድ ልጅ ነው። ያን ቀን አልቀለደም።

ዓርብ ተናኘወርቅ ከሥራ አስፈቅዳ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊዋ በስልክ አስተርጓሚ ጠራችላት።

«ሜሞሪያሉ ባለፈው ቅዳሜ ተደርጎ አልቋል፣ ሌላ አልተያዘም ነው የምትልሽ» አለ አስተርጓሚው። ቀጥሎ ማንም ያላለውን ተረጎመ፦ «ሴት ልጅ ናት አይደል? አይ እህቴ፣ እዚህ አገር ልጅ ማሳደግ!»

ቤት ገብታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ከሁለት ነጠላዎቿ አንዱ የለም።

ከዚህ በኋላ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ልጅ አለ፣ ወንበር አለ፣ ነጠላ አለ፣ ዝም ያለ ጎረቤት አለ። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ተናኘወርቅ እንግሊዝኛዋ ትንሽ ቢሆንም፣ ኦነር ማለት ክብር እንደሆነ ታውቃለች። ዓለሙን ሁሉ ስትነግር የሰነበተችው ስለዚያ ነው።

ብሩክታይት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አልጮኸችባትም።

«ነገ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አለቻት።

«አይ ኖው፣ ማም» አለች ልጅቷ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አቶ ሀብተማርያም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ቆመዋል። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፣ ፅጌ አለች፣ ከሁሉም ኋላ ኖላዊ አለ።

«ተናኘ፣ ልንገባ ነው» አሉ አቶ ሀብተማርያም።

«ይግቡ።»

ገቡ። ወንበር አሳየቻቸው፤ አንዳቸውም አልተቀመጡም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተናኘወርቅ ሌሊቱን ያዘጋጀችውን ንግግር፣ እነሱ ሳይጀምሩ ቀድማ ጀመረች።

«ጋሼ ሀብተማርያም፣ የመጡበትን አውቄዋለሁ። ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንዳለ ነው፣ ልጅዎም ጨዋ ልጅ ነው። የኔዋ ግን ትምህርቷን አልጨረሰችም። ደግሞ እኔ ብቻዬን ቃል አልሰጥም። ወልደአምላክ አለ። መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ።»

አቶ ሀብተማርያም ኮፍያቸውን አወለቁ። ፅጌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ብሩክታይት ነጠላውን ዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች፤ ምንም ሳትል መጥታ ከእናቷ አጠገብ ቆመች።