ከተርባይኑ የመጣ መልስ

ፓስኮ ወደ ኮሎራዶው የብር ማዕድን ማውጫ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚልከውን፣ በውሃ የሚዞር ግዙፍ ተርባይን ከማስነሳቱ በፊት፣ እንደ ደንቡ ብረቱን በመፍቻ ሦስት ጊዜ መታ። ውስጥ የቀረ ሠራተኛ ካለ መትቶ ይመልሳል፤ ዝም ካለ ባዶ ነው። ሦስት ምት ተመለሰለት። ዞር ብሎ ቆጠረ። ለጽዳት ውስጥ ገብተው የነበሩት አራቱም ከኋላው ቆመው ጭቃቸውን ይጠርጋሉ።

«ብረት ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል» አለ ውሃውን የሚለቀው ዴንዚል። «ሽማግሌው፣ የማዕድኑ ፓምፕ ኃይል አጥቶ ቆሟል። አንተ የብረት ሆድ ቁርጠት ስታዳምጥ እታች ጉድጓዱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ውሃ ሊውጣቸው ነው።»

ፓስኮ ክዳኑን አስፈትቶ ፋኖስ ይዞ ገባ። እርጥብ ብረት እንጂ ሰው አልነበረም። ወጥቶ አስዘጋና አሁን አምስት ጊዜ መታ። አምስት ተመለሰ፤ እኩል እኩል፣ ሳይቸኩል።

የዴንዚል ፊት አመድ መሰለ። «አምና ጓደኛችን ዊላም እዚህ ውስጥ የሞተ ዕለት» አለ በቀስታ፣ «መትቼ መልስ አጣሁ ብዬ ምዬላችሁ ነበር። አልመታሁም። ቸኩዬ ነው ውሃውን የለቀቅኩት።»

ፓስኮ እንደገና መታና ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ። ምንም አልተመለሰም።

«ባዶ ነው» አለ፣ ቦታውን ለዴንዚል እየለቀቀ። «ክፈት።»

ዴንዚል የውሃውን መክፈቻ በሁለት እጁ ያዘ፤ ሊያዞረው ግን አልደፈረም።