ሦስተኛው ላሜራ

የከተማው ፍሳሽ እኛ ጋ ሲደርስ ኤሌክትሪክ በተለቀቀባቸው፣ በር በሚያካክሉ ላሜራዎች መሃል እያለፈ ይጣራል። ሽታውን አትጠይቁኝ፤ ለምደነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ኤሌክትሪኩን አጥፍተን ላሜራዎቹን በሰንሰለት ከገንዳው እናወጣና የጋገረባቸውን ነጭ ኖራ እንፍቃለን፤ እኔና ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር የቀራቸው ጋሼ።

አንድ ቅዳሜ ሦስተኛው ላሜራ ላይ ኖራው የሰው መዳፍ ቅርጽ ይዞ ጋገረ። ለቀልድ ግራ እጄን ለካሁበት። ልክክ አለ። የቀለበት ጣቱ ብቻ ግማሽ ነው።

«ልጄ፣ ቀሪውን የት ጣልሽው?» አሉ ጋሼ። ተሳሳቅንና ፋቅነው።

ማክሰኞ ሰንሰለቱን ግራሶ ስቀባ ሾልኮ የግራ እጄን የቀለበት ጣት ከመሃሉ ቆረጠው።

ሐኪሙ ወር ሙሉ እረፊ ብሎኝ ነበር። ግን ያ ላሜራ ከዓይኔ አልጠፋ ስላለኝ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እጄ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሄድኩ። ጋሼ ብቻቸውን ሲፍቁ ከበሩ ተሰማኝ። ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ማን ነይ አለሽ? ተመለሺ!»

«ዛሬ ደግሞ ምን ወጣ?»

«ምንም። ኖራ ነው።»

ጋሼ የጀመሩትን ሥራ አቋርጠው አያውቁም። ሦስተኛውን ላሜራ ግን ከታች ጀምረው ፍቀው ፍቀው፣ ጫፉ ጋ ሲደርሱ ትተውታል። መፋቂያው እግራቸው ሥር ወድቋል።

«እግሩንም እጁንም ፋቅሁት» አሉ ወደ እኔ ሳያዩ። «ፊትሽ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።»

ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ተወትፏል።